ኢዝ ወይስ ዎዝ

ባጃጄን አቁሜ ከፋርማሲው በር፣
ማታ ማታ ልማር የእንግሊዝ ነገር፣
ደረጃውን ስወጣ ጉልበቴ ቢያቃስትም፣
አርባ ሦስት ዓመት ለትምህርት አይረፍድም
እላለሁ። ለራሴ።

ጥቁር ሰሌዳው ላይ መምህር ይበልጣል
«ማይ ፌቨሪት ሾፕ» ሲል በጠመኔ ጽፏል።
«ዛሬ የምንወደውን ሱቅ ነው የምናወራ፤
በዕለት ተዕለት ቋንቋ፣ ሳትፈሩ፣ በተራ።»

መጽሐፉ ላይ ሥዕል አለ፤ ሞል ነው ይሉታል፤
ደረጃው ራሱ ሰው ተሸክሞ ይወጣል፤
ቢጫ ፀጉር ሴትዮ ከረጢት አንጠልጥላ
ትስቃለች፣ ዋጋ ያልጠየቀች መስላ።

እንዳላማው ተነሣ፣ የባንክ ቤቱ ጥበቃ፤
«አይ ላይክ ሞል» አለና ቁጭ። በቃ።
ሁለት የኮሌጅ ልጆች ቀጥለው ተቀባበሉ፤
«ቢግ ነው፣ ክሊን ነው፣ ፊክስድ ፕራይስ» እያሉ
ረግጠው የማያውቁትን ወለል አብረው ኳሉ።

ከኋላ ወንበር ግን የውብዳር ተነሣች፣
ስምንት ዓመት ሙሉ ዱባይ የነበረች።
እንግሊዝኛዋ ይፈጥናል፣ እንደ ዓባይ ከድልድዩ ሥር።
«እኔ ሞሉን የማውቀው ሌሊት ነው» አለች፤
«ሰው ወጥቶ ሲያልቅ፣ ግማሹ መብራት ሲጠፋ፤
ወለሉ ስወለውለው ያበራል፣ ያበራል፣
ዓሣ የሌለበት ሐይቅ ይመስላል።
በስምንት ዓመት የገዛሁት፣ አንዲት የፀጉር መርፌ።»
ዝም አልን። ዴስኩ እንኳ አልተንቀጫቀጨም።

ከዚያ የኔ ተራ።
«ማይ ፌቨሪት ሾፕ ኢዝ…» ብዬ ጀመርኩና
ቃል አጠረኝ፤ ሱቋ ግን ድቅን አለችና፦
የእቴቴ አንጓች ሱቅ፣ ቀበሌ ዐሥራ አራት፣
ትከሻ የማታስገባ፣ የቆርቆሮ ናት፤
ሳሙና በክር ለሁለት የሚከፈልባት፣
ቀረሶ ጠባሾች ለጨው የሚሮጡባት፤
ሚስማር በፍሬ፣ ሻማ በነጠላ፣
ምርቃት ከረሜላ ለተላከ ሁላ።

ዱቤን ምን ልበለው? «ክሬዲት» አለኝ መምህሩ።
ኧረ እሱ የባንክ ነው፤ ፊርማ አለው ዳር ዳሩ።
እቴቴ አንጓች እኮ ፊደል አልቆጠረችም፤
በደብተሯ መሐል ስም የሚባል የለም።
ምንይችል አጥማጁ እዚያ አንድ ዓሣ ነው፤
መሪጌታ ጽጌ፣ ጥምጥም ብቻ ነው፤
ውዴ ፀጉር ሠሪዋ፣ ማበጠሪያ ናት።
እኔን በሦስት ክብ ነበር የሳለችኝ፣
ከጎማዎቼ ሥር በጭረት የቆጠረችኝ፤
አንዱ ጭረት ዐሥር ብር። ስከፍል፣ አውራ ጣቷን
ምራቅ ነክራ ታብሰው ነበር ያን ዕዳዬን።

«ቬሪ ጉድ» አለ ይበልጣል፣ «አንዲት ስሕተት ብቻ፤
ሱቋ ዛሬ አለች ወይ?»
                    የለችም።
መንገዱ ሰፋና ቆርቆሮዋ ተነቀለ፤
በቦታዋ ስድስት ፎቅ መስታወት በቀለ።
እቴቴ ዘንዘልማ ገባች ያሉ አሉ፤
የለም፣ አዴት ልጇ ጋ ናት ይላሉ።

«እንግዲያው ዎዝ በላ! ያለፈ ነው ጊዜው።»
ቀይ ጠመኔ አነሣ፣ ግሡን ሊያርመው።
እኔ ግን መቶ ዐሥር ብር አለብኝ፤
ዐሥራ አንድ ጭረት፣ ሳልከፍል ነው የፈረሰብኝ።
«መምህር» አልኩት፣ «ዕዳው ኢዝ ሆኖ ሳለ፣
ሱቋን ማነው ዎዝ ያለ?»
ይበልጣል እኔን አየ፣ ሰሌዳውን አየ፤
ከዚያ መብራት ሄደ። ምን እንደጻፈ አልታየ።

የውብዳርን ላደርስ በዘንባባው ሥር ስነዳ
ከሐይቁ የመጣ ነፋስ ደንገል ደንገል ይላል።
ከተማው ጨልሟል። ሞሉ ብቻ በርቷል፣
ጄኔሬተሩ ከጓሮ ያጓራል።
«እስቲ አቁም» አለች። አቆምኩ።
መስታወቱ ላይ፦ የኔው ሦስት ክብ፣
ከሥሩ አቧራ ላይ የደረቀ የዝናብ ጭረት።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… መቁጠር ጀመርኩ።
እሷ ግን ሌላ ነው የምታየው፤ ጠጋ ብላ
«ጥግ ጥጉን አልወለወሉትም» አለች።

ቤቷ ደጃፍ ወርዳ ቦርሳዋን ከፈተች።
«ሂሳብ ስንት ነው?»
«ይጻፍ» አልኳት።